ሁለት መቶ አሥራ አምስተኛው ተሰኪ

ይህን ታሪክ ከመጀመሪያው የተከታተላችሁ ለአንድ አንቀጽ ያህል ታገሱኝ፤ ገጹን ዛሬ ገና የገለጠ አንባቢ አለ፣ እሱን ደጅ ማስጠናት ነውር ነው። ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ በአንድ የሶፍትዌር መሥሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚሠራ ፕሮግራመር ነው፤ ባልደረቦቹ ሰኪው ይሉታል። ሁለተኛዋ ሰኪው የሠራውን ሁሉ የምትፈትሽ፣ ለዚህም ፈታሿ የምትባል፣ የመሥሪያ ቤቱ ባለቤት ልጅ ናት። ይዋደዳሉ። ላለፉት ሦስት ሳምንታት ግን በወጉ አልተነጋገሩም፣ ዛሬ ዓርብ ደግሞ ሰኪው ሥራውን ለቆ ወደ ሌላ ከተማ ሊሄድ ነው። ለምን እንደሚሄድ እሷ አታውቅም፤ እሱ የምታውቅ ይመስለዋል። ጣጣው ሁሉ ይኸው ነው።

ሰኪው የተባለበትን ምክንያት ካልነገርኳችሁ ግን የሚቀጥለው አይገባችሁም። መሥሪያ ቤቱ ሆስፒታሎች የሚጠቀሙበትን ሲስተም ያስተዳድራል፤ የአልጋው፣ የቀጠሮው፣ የመድኃኒት ትእዛዙ ሁሉ በዚያ ያልፋል። እንዲህ ያለ ሲስተም እንደ ሱቅ "ለእድሳት ተዘግቷል" ተብሎ አይዘጋም። ስለዚህ ሲሠሩት ማዕቀፉን ብቻ ጠንካራ አድርገው አቆሙት፤ አዲስ ነገር ሲያስፈልግ ሲስተሙ እየሄደ ሳለ ከማዕቀፉ ላይ ይሰካል። የተሰካው ነገር ተሰኪ ይባላል። አንዲት ነርስ የታማሚ ስም እየጻፈች ሳለ ከስክሪኗ ጥግ አዲስ ሰንጠረዥ ብቅ ይላል፤ እሷ ጣቷን እንኳ ከፊደሉ ላይ አታነሳም። ይህን ኮሽ ሳያደርግ የሚሠራው እሱ ነበር።

የቤቱ ደንብ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የሚሰካ ነገር ሁሉ ለፈታሽ የሚሆን ማስታወሻ ይጻፍለታል። ፈታሿ ትሞክረውና "ያልፋል" ወይም "አያልፍም" ብላ ትመልሳለች፤ ካላለፈ የማንሳት ሥልጣን አላት። ሁለተኛ፣ ሲስተሙ እየሄደ የተሰካ ነገር ዕድሜው ሲስተሙ እስኪጠፋ ድረስ ብቻ ነው። አይዘጋም አልኩ እንጂ አይጠፋም አላልኩም፤ ሲጨንቅ ለሁለት ደቂቃ አጥፍቶ ማስነሳት አለ። ጠፍቶ ሲነሳ የሚያስታውሰው በመነሻ ዝርዝር ላይ የተጻፈውን ብቻ ነው፤ ያልተጻፈው ከነማስታወሻው ከፈታሿ ስክሪን ይጠፋል። እዚያ ለመጻፍ ደግሞ ቅጽ ተሞልቶ የዋናው ፊርማ ያስፈልጋል። ዋናው የሚባሉት የፈታሿ አባት ናቸው።

ፍቅሩ የተጀመረው በማስታወሻው ላይ ነው። "የአልጋ ሰንጠረዥ፤ ሞክሪው" ብሎ ጻፈ። "ያልፋል፤ ቀለሙ ግን ሐሞት ይመስላል" ብላ መለሰች። ቀለሙን ቀይሮ "አሁንስ?" አለ። "አሁን ለታማሚው አዘነለት" አለች። በመካከላቸው የመስታወት ግድግዳ ነበር፤ መልሷን ሲያነብ ትከሻው በሳቅ ሲንቀጠቀጥ ታየዋለች፣ ቀና ሲል እሷ ስክሪኗ ላይ ናት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ከአሥራ አንድ ወር በኋላ ማስታወሻው ከተሰኪው ይረዝም ጀመር።

ያገዳቸው ነገርም አልተደበቀም ነበር። ዋናው በሠራተኛ ሁሉ ፊት "ልጄን የምሰጠው ቤቱን ለማውቀው ሰው ነው" ብለው ያውቃሉ። የሰኪው ቤት ደግሞ እናቱ ብቻ ናቸው። እናቱ የመሥሪያ ቤቱ ትልቁ ደንበኛ በሆነው ሆስፒታል፣ ልብስ እጥበት ክፍል ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንሶላ አጥበው አስተማሩት። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ለፈታሿም ጭምር።

* * *

ዓርብ ጠዋት ርክክብ ነበር። ሰኪው የተሰኪዎቹን ዝርዝር አትሞ አመጣና ከፈታሿ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ።

"ሁለት መቶ አሥራ አራት ናቸው" አለ። "እርስዎ ከመዝገቡ ጋር አመሳክረው ከፈረሙልኝ ጨረስኩ።"

እርስዎ። ከሦስት ሳምንት በፊት አንቺ ነበረች። አንድ ሰኞ ጠዋት ከመሬት ተነስቶ እርስዎ ሲላት የቀለደ መስሏት ስቃ ነበር። ማስታወሻውም ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ መስመር ሆነ፤ "ለፍተሻ ቀርቧል" ብቻ። መጀመሪያ ጠበቀችው፣ ቀጥላ ኮራችበት፣ ከሳምንት በኋላ ሌላ ከተማ ሥራ ማግኘቱን ከሰው ሰማች። ከእሱ ሳይሆን ከሰው መስማቷ ነው ያቃጠላት።

"ቁጭ በል፤ እስካመሳክር ጊዜ ይወስዳል።"

"እቆማለሁ።"

"እንደፈለግክ።"

እሷ ቁጥር ትቆጥራለች፣ እሱ በመስኮት ውጪ ያያል። አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችው። ሸሚዙ እንደ ሁልጊዜው ጥሩ ሆኖ ተተኩሷል፤ እጅጌው ላይ አንድ እጥፋት የለም። ማን እንደሚተኩስለት ጠይቃው እንደማታውቅ ትዝ አላት። አሁን መጠየቅ አይቻልም፤ እርስዎ የሚል ሰው ስለ ሸሚዙ አይጠየቅም።

"መዝገቡ ሁለት መቶ አሥራ አምስት ነው የሚለው" አለች።

"አሥራ አራት ናቸው።"

"ቁጥር ነው፣ አልከራከርህም። አንድ ዘለሃል።"

"አልዘለልኩም። እሱ የለም። ራስዎ ነዎት ያነሱት።"

"እኔ? ካንተ ተሰኪ ያነሳሁት ሁለት ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ከነምክንያቱ ጽፌልሃለሁ።"

"ሦስተኛው ምክንያት አያስፈልገውም ነበር። ገብቶኛል። አልተቀየምኩም።"

"እስቲ የገባህ ለእኔም ይግባኝ!"

ድምፅዋ ከፍ ስላለ ከመስታወቱ ወዲያ ያሉት ሁሉ ሥራ የበዛባቸው መሰሉ። ሰኪው ወረቀቱን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካከለ፤ ቀድሞም ቀጥ ብሎ ነበር የተቀመጠው።

"ሆድ ይፍጀው" አለ። "መታወቂያዬን ለመመለስ ልውረድ። አውቶቡሴ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት የምሰናበተው ሰው አለ። ፊርማውን ለጸሐፊዋ ይተዉልኝ።"

ወጣ። ደረጃው እስኪሰውረው ድረስ በመስታወቱ ተከተለችው፤ ዞር አላለም። የያዛት ንዴት መስሏት ነበር። ብዕሩን አንስታ መፈረም ሲያቅታት ግን ፍርሃት መሆኑን አወቀች።

* * *

መዝገብ የሚያነብ ሰው ቢኖር ኖሮ የዚህ ዓለም ግማሽ ጠብ አይኖርም ነበር። ሲስተሙ ማን ምን እንደሰካ፣ ማን እንዳነሳ፣ የማስታወሻውን ሙሉ ቃል ሳይቀር ይመዘግባል። ሰኪው ይህን ያውቃል። ግን ያ ተሰኪ ከቦታው መጥፋቱን ባየበት ሰኞ መዝገቡን አልከፈተም። "ያነሳው፦ ፈታሿ" የሚል መስመር በዓይኑ ከማየት ይልቅ ሳያይ ማመን ቀለለው።

ፈታሿ ከፈተችው። ከዝርዝሩ የቀረውና ቁጥሩን ሁለት መቶ አሥራ አምስት ያደረገው ተሰኪ ከሦስት ሳምንት በፊት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የተሰካ ነው። ማስታወሻው እንዲህ ይላል፦

"ይህ ተሰኪ የሚታየው አንቺ ስክሪን ላይ ብቻ ነው። ትናንት ከአባትሽ ጋር ሆስፒታል ሄደን ነበር። ኮሪደሩ ጠባብ ነው፤ የቆሸሸ አንሶላ በጋሪ የምትገፋ ሴት መጣች። አባትሽ ስልክ ላይ ነበሩ፤ 'ዞር በይ እንጂ' አሏት። ጋሪውን ከግድግዳ ጋር አጣብቃ አሳለፈችን። እናቴ ናት። አየችኝ፤ ከማን ጋር እንደሆንኩ ስታይ እንዳላወቀችኝ ሆና ዓይኗን ወደ ጋሪው መለሰች። እኔም አለፍኩ። 'እናቴ ናት' ማለት ሁለት ቃል ነው፤ አፌ ውስጥ አገላበጥኩት፣ አሳንሰሩ መጣ፣ ገባን። ቤት ስገባ ሸሚዜን እየተኮሰች 'አለቃህ ደህና ሰው ይመስላል' አለችኝ። ሌላ ነገር አላነሳችም። 

"ብዙ ነገሬን ፈትሸሻል። ይህን ደብቄሽ እንድታሳልፊኝ ግን አልፈልግም። የእሷ ልጅ ነኝ፤ ደግሞም ትናንት የካድኳት ልጅ ነኝ። ሁለቱንም አውቀሽ ከፈለግሽኝ ላገባሽ እፈልጋለሁ። ታች ሁለት ቁልፍ አለ፤ ያልፋል፣ አያልፍም። ሐሙስና ዓርብ ፈቃድ ወስጃለሁ፤ ፊትሽን እያየሁ መጠበቅ አልችልም። ሰኞ የፈረድሽውን አያለሁ።"

እሷ ያን ረቡዕ ሌላ ሆስፒታል ነበረች፤ ቢሮ የገባችው ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው። የመዝገቡ ቀጣይ መስመር የሐሙስ ማለዳ ነው፦ "ሲስተሙ ጠፍቶ ተነሳ። ያስነሳው፦ ዋናው።"

ዋናው ለሁሉም በሽታ አንድ መድኃኒት ነው ያላቸው። ሲስተሙ ተንቀራፈፈ የሚል ስልክ ከተደወለላቸው ማንንም ሳይጠይቁ አጥፍተው ያስነሱታል። ሰኪው ደግሞ አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር "በመነሻ ዝርዝር ያልገባ ነገር አለ አትበሉ" እያለ ሲመክር የኖረ ሰው ነው። ይህን ተሰኪ ዝርዝሩ ውስጥ ሊያስገባው አይችልም ነበር፤ የጋብቻ ጥያቄውን ለሙሽሪት አባት በቅጽ አቅርቦ ማስፈረም ሊሆንበት ነው። ስለዚህ የሕይወቱን ትልቁን ነገር እንዲሁ ሰክቶ ፈቃድ ወጣ። መካሪው ምክሩን ለራሱ ሳያስቀር ጨርሶ ነበር።

ፈታሿ አለቀሰች፤ ይህን መሸፋፈን አልፈልግም። ያስለቀሳት ላገባሽ እፈልጋለሁ የሚለው አይደለም። ሦስት ሳምንት ሙሉ እሱ በእናቱ ምክንያት የተናቀ እየመሰለው ከመስታወቱ ወዲያ ተቀምጦ፣ በየቀኑ "ለፍተሻ ቀርቧል" እያለ መጻፉ ነው። እሷ ደግሞ በየቀኑ "ያልፋል" እያለች መልሳለታለች። 

* * *

የመነሻ ዝርዝር ቅጽ ሦስት ጥያቄ አለው። ተሰኪው ምን ይሠራል? "ጥያቄ ይጠይቃል" ብላ ጻፈች። ማን ይፈልገዋል? "ፈታሿ።" ቢነሳ የሚጎዳ አለ? "አለ። እኔ።"

ዋናው ቢሯቸው ውስጥ ሻይ እየጠጡ ነበር።

"አባዬ፣ ፈርምልኝ።"

"አስቀምጪው፣ ከምሳ በኋላ አየዋለሁ።"

"አሁን።"

መነጽራቸውን አደረጉ። ቅጹን አነበቡ፣ ልጃቸውን አዩ፣ እንደገና ቅጹን አነበቡ። "ደግሞ ይሄ ምንድነው?" ሲሉ የታተመውን ማስታወሻ ከላዩ ላይ አደረገችላቸው። እንደ ውል ቀስ ብለው አነበቡት። መሀል ላይ ሲደርሱ ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፉ።

"ያቺ ሴትዮ" አሉ። "ጋሪ የያዘችው?"

"የያዙት።"

"ስልክ ላይ ነበርኩ እኮ።"

"እሱም ጽፎታል።"

 ክፉ ሰው አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑ ነገሩ ይቀል ነበር። ከዚያ ግን ጣታቸውን ከአንድ መስመር ላይ አሳረፉ።

"በእኔ ይሁን፣ ጥፋቴን እወስዳለሁ። ግን ይሄ ልጅ እናቱን አላውቅም ብሎ ያለፈ ሰው ነው። በገዛ እጁ ጽፎታል። እናቱን የካደ ነገ አንቺን አይክድም?"

ጥያቄው የአባት ጥያቄ ነው፣ ልክም ነው። ፈታሿ አንድ ተሰኪ ፊቷ ሲቀርብ እንደምታደርገው ነገሩን አገላብጣ አየችው።

"ሊክደኝ ይችል ይሆናል" አለች። "ግን ማንም ሳይዘው፣ ማንም ሳይጠይቀው ጥፋቱን ጽፎ ያቀረበልኝ ሰው እሱ ብቻ ነው። አንተ 'ዞር በይ' ያልከውን እስከ ዛሬ የት ጻፍከው፣ አባዬ?"

በሠላሳ ዓመቷ ለአባቷ እንዲህ መልሳ አታውቅም። ዋናው ዓይናቸውን ከማስታወሻው በታች ወደታተመው የመዝገብ መስመር አወረዱ።

"ሐሙስ ጠዋት ነው ያጠፋሁት?"

"ሐሙስ ጠዋት።"

"እኔ ሲስተሙ እንዲፈጥን ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ። አንተ ስታስነሳው ያልፈረምክበት ነገር ሁሉ ይሄዳል።"

ብዕር ፈለጉ፤ እፊታቸው ነበር። "ካስገባሽው ደግሞ ሲስተሙ በተነሳ ቁጥር ይነሳል" አሉ። "ቢሰለችሽም።"

"ይነሳ።"

ፈረሙ። ከዚያ ተነስተው ኮታቸውን ከማንጠልጠያው አወረዱ።

"ወዴት ነህ?"

"ልጄን ቤቱን ለማውቀው ሰው ነው የምሰጠው ብያለሁ። ቤቱን ልወቀው እንጂ።"

ፈታሿ የአባቷን ክንድ ያዘች። ከሕፃንነቷ ወዲህ እንደዚያ አጥብቃ ይዛቸው አታውቅም።

* * *

የልብስ እጥበት ክፍሉ ከሆስፒታሉ ምድር ቤት ነው። እንፋሎትና የሳሙና ሽታ ከኮሪደሩ ይጀምራል። አባቷ መኪናውን እስኪያቆሙ ፈታሿ ቀድማ ገባች። ሰኪው ሻንጣውን በር ሥር አስቀምጦ ከእናቱ ጋር አንሶላ ያጥፋል። አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም፤ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፍ ይዞ እየተቀራረበ ነው።

"ማን ልበል?" አሉ እናቱ።

"ፈታሿ ነኝ፣ እማማ።"

"አይ የኔ ልጅ፣ ቦርሳ የምትፈትሹት በላይኛው በር ነው። እዚህ ከአንሶላ በቀር ምን አለና!"

ሰኪው አልሳቀም። አንሶላው በእጁ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ፈታሿ ወደ እናቱ ሄዳ "ይስጡኝ፣ እኔ ልያዘው" ብላ ጫፉን ተቀበለቻቸው። ያጥፉ ጀመር፤ አንድ እርምጃ እሱ፣ አንድ እርምጃ እሷ።

"አላነሳሁትም" አለች። "ጨርሶ አላየሁትም። ሐሙስ እኔ ሳልገባ አባዬ አጥፍቶ አስነሳው።"

ሰኪው ዓይኑን ጨፈነ። ወዲያው ገባው፤ ሥራው ነው።

"ሦስት ሳምንት" አለ። "መዝገቡን ከፍቼ ባየው ኖሮ…"

"ፈራህ።"

"ፈራሁ። የተናቅኩ መሰለኝ። ልናቅም ይገባኛል ብዬ አመንኩ።"

ሌላ እርምጃ ተቀራረቡ። በመካከላቸው የቀረው የአንድ ክንድ ጨርቅ ነው።

"አሁን ከመነሻ ዝርዝር ገብቷል" አለች። "ያልፋል የሚለውንም ተጭኜዋለሁ። መልሱ እንዳይደርስህ ግን ጠዋት መታወቂያህን ስትመልስ ከሲስተሙ ዘግተውሃል። በእግሬ ላደርሰው መጣሁ።"

"ከመነሻ ዝርዝር? ማን ፈረመው?"

መልሱን ከመስማቱ በፊት አየው። ዋናው ከበሩ ውጪ ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል፤ ኮታቸውን እንደለበሱ፣ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ቸግሯቸው። እናቱ ደግሞ ሰው መንገድ ላይ ሲያዩ እንደለመዱት የታጠፈውን አንሶላ የጫነውን ጋሪ ከግድግዳው ጋር አጣበቁ።

"ይለፉ ጌታዬ" አሉ። "አሁን ላሳልፍዎት።"

ሰኪው አንሶላውን ለቀቀው። ወደ እናቱ ሄዶ ከጎናቸው ቆመ፣ እጁን ከጋሪው እጀታ ላይ፣ ከእጃቸው አጠገብ አደረገ። ድምፁ ከሚፈልገው በላይ ጎልቶ ወጣ፤ በኮሪደሩ የሚያልፉት ሁለት ነርሶችም ዞር አሉ።

"እናቴ ናት።"

ዋናው ባርኔጣ ቢኖራቸው ያወልቁ ነበር። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ፣ ጀርባቸውን ከግድግዳው አጣበቁ፣ በሩን በእጃቸው ከፍተው ያዙ።

"የለም፣ እርስዎ ይለፉ" አሉ። "መጀመሪያውንም ማለፍ የነበረብዎት እርስዎ ነበሩ።"

እናት ጋሪውን ሊገፉ ጀመሩና ተዉት። ልጃቸውን አዩት፣ ከዚያ አንሶላውን ለብቻዋ ታቅፋ የቆመችውን ልጅ አዩ፣ ከዚያም ዓይናቸው ሞላ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚያ ኮሪደር ሲመላለሱ የማንም እናት ሆነው አያውቁም ነበር።